ኪኒን እየዋጥኩ ቀረብኝ

መድኃኒት ቤት ውስጥ ተራቸው እንዲደርስ የማይቸኩሉ ደንበኞች አሉ። የሳል ሽሮፕ የሚገዛው አባት፣ የእናቷን የደም ግፊት መድኃኒት ልትወስድ የመጣችው ልጅ፣ በዋጋ የሚከራከረው ጎልማሳ አንድ በአንድ ወጥተው እስኪያልቁ ድረስ የጥርስ ሳሙናና የዱቄት ወተት የተደረደረበትን መስታወት ሲመረምሩ ይቆያሉ። መገናኛ አካባቢ ባለ አንድ መድኃኒት ቤት ከባንኮኒው ጀርባ ተቀምጬ ባመሸሁበት ሰኞ እንዲህ ያለች ወጣት ገባች። ቤቱ ባዶ ሲሆንላት ተጠግታ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣

«ዶክተር፣ የእርግዝና መመርመሪያ አለ?» አለች።

ፋርማሲስቷ መሳቢያውን እየሳበች «አለ። ስንት ቀን አለፈሽ?» አለቻት።

«አምስት ቀኔ ነው። ግን እኮ ኪኒን እወስዳለሁ! አንድም ቀን አልዘለልኩም።»

«ይዘሽዋል?»

ልጅቷ ከቦርሳዋ የጎን ኪስ በሶፍት የተጠቀለለ የኪኒን ፓኬት አወጣች። 28ቱም ቦታ ባዶ ነው፤ የቡናማዎቹ ሰባት ጭምር። በጀርባው ላይ የዕለታቱ ስሞች በእስክሪብቶ አንድ በአንድ ተሰርዘዋል። ጥንቁቅ ልጅ ናት።

ፋርማሲስቷ ባዶውን ፓኬት ገልበጥ አድርጋ እያየች «አዲሱንስ ጀመርሽው?» ስትል ጠየቀቻት።

«ፔሬዴ ሳይመጣ እንዴት እጀምራለሁ? እሱን እየጠበቅኩ ነው።»

«በነዚህ አምስት ቀናት ግንኙነት ነበራችሁ?»

ልጅቷ ወደ በሩ ዘወር ብላ አየችና «ቅዳሜ ማታ» አለች።

ፋርማሲስቷ መመርመሪያውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ከጎኑ የድንገተኛ መከላከያውን ፖስትፒል፣ አዲስ ፓኬት ኪኒንና ኮንዶም ደረደረች። «መመርመሪያው የሚነግርሽ ስላለፈው ወር ነው። እኔን ያሳሰበኝ ቅዳሜ ነው» አለቻት።

ልጅቷ በጥቁር ፌስታል ይዛ ከወጣች በኋላ ፋርማሲስቷ ሂሳቡን በማዘዣ ወረቀት ጀርባ ላይ ሠራችልኝ። ቡናማዎቹ ኪኒኖች ብረት እንጂ ሆርሞን የለባቸውም። ስለዚህ ልጅቷ እነሱን በዋጠችባቸው ሰባት ቀናት ሰውነቷ ያለ ሆርሞን ነበር። በዚያ ላይ አምስቱ የመጠበቂያ ቀናት ሲደመሩ 12 ቀን ሆነ። ኪኒኑ የሚታገሠው ክፍተት ግን 7 ቀን ብቻ ነው። ልጅቷ 21ዱን የሆርሞን ኪኒኖች በሥርዓቱ ስለዋጠች ባለፈው ወር ያረገዘች አይመስልም። የወር አበባዋ እስኪመጣ ብላ የጠበቀችው ጊዜ ግን ያልነበረውን አደጋ ፈጠረ።

ይህን ዘገባ ለመጻፍ ያነሳሳኝም ይኸው ነው። ኪኒን በትክክል እየወሰደች የወር አበባዋ የቀረባት ሴት ብዙውን ጊዜ አላረገዘችም። የምታረግዘው ደንግጣ ኪኒኑን ስታቆም ነው።

ደሙ ከየት ይመጣል?

ኪኒን በማትወስድ ሴት ሰውነት ውስጥ በአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ለኦቫሪዎች መልእክት ትልካለች። ኦቫሪዎቹ እንቁላል ያበስላሉ፣ ይለቃሉ፤ የማህፀን ግድግዳም ጽንስ ቢመጣ ብሎ ይወፍራል። ጽንስ ካልመጣ ሆርሞኑ ይወርዳል፣ የወፈረው ግድግዳ ይረግፋል። የወር አበባ ይህ ነው።

ኪኒን ላይ ያለች ሴት የምታየው ደም ግን መነሻው ሌላ ነው። እንደ ማይክሮጊኖን ባሉት ጥምር ኪኒኖች እያንዳንዱ የሆርሞን ፍሬ ውስጥ 150 ማይክሮግራም ሌቮኖርጀስትሬልና 30 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኤስትራዲዮል አለ። ሁለቱ ተባብረው ፒቱታሪን ዝም ያሰኟታል፤ እንቁላል አይለቀቅም። የማህፀን በር ፈሳሽ ስለሚወፍር የወንድ ዘር ማለፊያ ያጣል። የማህፀን ግድግዳም ሳይወፍር ስስ ሆኖ ይቆያል። 21ኛዋ ኪኒን ተውጣ ሆርሞኑ ሲቋረጥ ያ ስስ ግድግዳ ይረግፋል፤ ደሙም አብዛኛውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ይታያል። እንቁላል አልተለቀቀም፣ የወሩ ዑደትም አልተዘጋም። ሰውነት የሆርሞኑን መቋረጥ ነው በደም የሚመልሰው።

ግድግዳው ስስ ከሆነ የሚረግፈው ጥቂት ነው። አንዳንዷ ሴት ሁለት ቀን ጠብ ጠብ ብሎባት ያልፋል፣ ሌላዋ የውስጥ ልብሷ ላይ ቡኒ ምልክት ብቻ ታያለች፣ ለአንዳንዷ ደግሞ በተለይ ኪኒኑን ለረጅም ጊዜ ስትወስድ ምንም የሚረግፍ ነገር ይጠፋል። «ደሜ ውስጤ ተጠራቀመ» የሚለው ስጋት በየጤና ጣቢያው ይሰማል። የተጠራቀመ ነገር የለም፤ መጀመሪያውኑ አልተሠራም።

ይህ የሰባት ቀን ክፍተት ራሱ እንዴት እንደመጣ ማወቅ ነገሩን ይበልጥ ያቀለዋል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ ጆን ሮክ የተባሉ የቦስተን የማህፀን ሐኪም ልጅ መውለድ ላቃታቸው ሴቶች ሆርሞን ያለማቋረጥ ለወራት ይሰጡ ነበር። ሐሳባቸው ማህፀኑን አሳርፎ በኋላ ለእርግዝና ማዘጋጀት ነበር። የሴቶቹ የወር አበባ ቆመ፤ ጡታቸው አበጠ፣ አንዳንዶቹን ያቅለሸልሻቸው ጀመር። ዓመታት ልጅ ሲለምኑ የኖሩ ሴቶች በመጨረሻ ያረገዙ መሰላቸው። እንዳላረገዙ ሲነገራቸው የደረሰባቸውን ሐዘን መገመት አያዳግትም። የሥነ ሕይወት ተመራማሪው ግሪጎሪ ፒንከስ መፍትሔ አመጡ፦ መድኃኒቱ በየወሩ ለጥቂት ቀናት ይቋረጥ፣ ደም ይምጣ፣ ሴቶቹም ይረጋጉ። በ1960 (እ.ኤ.አ.) ኤኖቪድ የተባለው የመጀመሪያው ኪኒን ለእርግዝና መከላከያነት በአሜሪካ ሲፈቀድ ይኸው እረፍት አብሮት ነበር። ሮክ አጥባቂ ካቶሊክ ስለነበሩ በየወሩ ደም የሚያሳይ ኪኒን ቤተ ክርስቲያናቸውም ተፈጥሮን የተከተለ ብላ ትቀበለዋለች የሚል ተስፋ ነበራቸው። ተስፋው አልሠመረም፤ በ1968 (እ.ኤ.አ.) ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱ ኪኒኑን ከለከሉ።

እንግዲህ ሴቶች አረገዝን ብለው እንዳይደናገጡ ተብሎ የተጨመረው ደም፣ በቀረ ቁጥር አረገዝኩ ብሎ ለመደናገጥ ምክንያት ሆኖ ቀረ። ለብዙ ሴቶች የወሩ ደረሰኝ ነው፤ ካልተሰጣቸው የከፈሉት ያልገባ ይመስላቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ኪኒኖች የሆርሞን መጠን ከዛሬዎቹ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር በዛሬዎቹ የሚታየው ደም ትንሽ ቢሆን አያስገርምም። በ2003 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ 84 ቀን ሙሉ ሆርሞን ተውጦ በሦስት ወር አንዴ ብቻ ደም የሚታይበትን ሲዝናል የተባለ ኪኒን ፈቅዷል። በእንግሊዝ የዘርፉ ሐኪሞች ተቋም በ2019 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው መመሪያ ደግሞ የሰባት ቀኑ እረፍት ለጤና የሚሰጠው ጥቅም እንደሌለ በግልጽ አስፍሯል።

የትኛዋ ኪኒን ነው የተረሳችው?

ያም ሆኖ ኪኒን እየወሰዱ የሚያረግዙ ሴቶች አሉ፤ የለም ማለት ውሸት ነው። ኪኒኑን ያለ አንዳች ስህተት ከሚወስዱ 1,000 ሴቶች በአንድ ዓመት ውስጥ የሚያረግዙት 3 ያህል ናቸው። በተለመደው የሰው አወሳሰድ፣ ማለትም መርሳቱም ማዘግየቱም ተደምሮ፣ ከ100ው ወደ 7 ይደርሳል። ሁለቱን ቁጥሮች የሚያራርቃቸው መድኃኒቱ አይደለም፤ የእለት ከእለት ኑሮ ነው።

ኪኒኖቹ ደግሞ ሁሉም እኩል አይደሉም። ቡናማዎቹን ሰባቱንም ብትጥያቸው እርግዝና አይመጣም። በፓኬቱ መሐል ያለችን አንዲት ኪኒን ብትረሺም አደጋው ትንሽ ነው። የሚያሰጉት ዳርና ዳር ያሉት ናቸው፤ የአዲሱ ፓኬት የመጀመሪያዎቹና ከቡናማዎቹ በፊት ያሉት የመጨረሻዎቹ። ምክንያቱም እነዚህ ሲረሱ የሰባት ቀኑ ክፍተት ይረዝማል፤ ፒቱታሪም ትነቃለች። እንደገና ዝም ለማሰኘት ሰባት ተከታታይ የሆርሞን ኪኒን ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ በዚህ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድ የሆርሞን ኪኒን ከተረሳ እንደታወሰ መዋጥ፣ በዚያው ቀን ሁለት መዋጥ ቢሆንም፣ ቀሪውን በሰዓቱ መቀጠል ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ በተከታታይ ከተረሳ አንዷን ወዲያው ውጦ ቀሪዎቹን መቀጠልና ሰባት ቀን ኮንዶም መጨመር ያስፈልጋል። የተረሱት በመጀመሪያው ሳምንት ከሆነና በዚያ ሰሞን ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከነበረ የድንገተኛ መከላከያ መውሰድ ይገባል። በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ ደግሞ የሆርሞኖቹን ጨርሶ ቡናማዎቹን መጣልና በማግስቱ አዲስ ፓኬት መጀመር ነው። ይህን ያደረገች ሴት በዚያ ወር ደም ላታይ እንደምትችል ግን ማንም አይነግራትም፤ ጊዜው ሲደርስ ትደነግጣለች።

እኛ አገር ኪኒን የሚያስረሱ ነገሮች መመሪያው ላይ አይገኙም። እስከ 9 ሰዓት የምትጾም ሴት የጠዋት ኪኒኗን ታቆያለች፤ ከጾሙ በኋላ እንግዳ ይመጣል፣ ሥራ ይበዛል፣ ይረሳል። በረመዳንም እንዲሁ ነው። ሁለቱንም የሚገላግለው ኪኒኑን ማታ ማድረግ ነው። ከቤተሰብ ወይም ከባል ደብቃ የምትውጥ አለች፤ ለቅሶ ሄዳ ስታድር፣ ገጠር ለበዓል ስትወርድ ኪኒኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ይቀራል። አንዷማ የስልኳን ማንቂያ 3፡00 ብላ ሞልታ፣ ማታ 3 ሰዓት ይጮኻል ስትል ሌሊት 9 ሰዓት ቤተሰቡን ሁሉ ቀስቅሳለች። ስልኩ የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ማስታወስ ያስፈልጋል።

ሆድ ሲበላሽም ችግር አለ። ኪኒኑ በተዋጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ካስመለሰ ሌላ መዋጥ ነው። ትውከቱ ወይም ከባዱ ተቅማጥ ከሁለት ቀን በላይ ከዘለቀ ኪኒን እንደተረሳ ይቆጠራል።

ከሁሉ ይልቅ ግን ሐኪሙም ታካሚዋም የሚዘነጉት የመድኃኒት መጋጨት ነው። ለቲቢ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ ቶሎ እንዲሰባብር ያደርጋል፤ ኪኒኑ በሥርዓቱ ቢዋጥም ደም ውስጥ የሚቀረው ያንሳል። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒንም እንዲሁ ናቸው። ከኤችአይቪ መድኃኒቶች ኢፋቪሬንዝ የሆርሞኑን መጠን ሊቀንስ ይችላል። ስድስት ወር የቲቢ ሕክምና የምትከታተል ሴት ኪኒን ላይ ብቻ መመካት የለባትም፤ የሦስት ወሩ መርፌ ወይም ሉፕ ይሻላታል። ብዙ ሰው የሚፈራው አሞክሳሲሊን ግን በነገሩ የለበትም። ለጉሮሮ ሕመም አሞክሳሲሊን የወሰደች ሴት ስለ ኪኒኗ አትጨነቅ።

ለሚካኤል ይመጣብኝ ነበር

በአንድ ጤና ጣቢያ የቤተሰብ ምጣኔ ክፍል ጥግ ላይ ተቀምጬ ያየኋት እናት አርባ የሚጠጋት፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ የተከናነበች ናት። ቅሬታዋ ደሟ መቅረቱ አልነበረም፤ ቀኑ መዛባቱ ነው። «ለሚካኤል ነበር የሚመጣብኝ» አለቻት ለነርሷ። «ይሄን ኪኒን ከጀመርኩ ወዲህ ቀኑ እየቀደመ፣ እየቀደመ... ደሜን አዛብቶታል መሰለኝ ልጄ።»

ነርሷ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የቀን መቁጠሪያ አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችውና በጣቷ ታስቆጥራት ጀመር። ጥቅምት 12 ነበር። ከዚያ 28 ቀን ሲቆጠር ኅዳር 10 ላይ ያርፋል። እንደገና 28፤ ታኅሣሥ 8። ከዚያ ጥር 6። «አየሽ እናቴ? የኛ ወር 30 ቀን ነው፣ ኪኒኑ ግን 28። በየወሩ ሁለት ሁለት ቀን ይቀድማል። አልተዛባብሽም።» እናቲቱ ለራሷ እንደገና ቆጠረችው፤ ሦስት ጊዜ። ከዚያ ሳቀች።

እኔም ይህን አስቤው አላውቅም ነበር። በበዓል ወይም በወሩ ቀን የምትቆጥር ሴት ደሟ የቀረ ጊዜ የምታውቀው ዘግይታ ነው። እዚህች እናት ላይ ቢደርስ ጥር 6 አካባቢ መምጣት የነበረበትን እስከ 12 ትጠብቀዋለች። ጳጉሜን መሐል ስትገባማ ይብሳል፤ አምስት ቀን በሆነችበት ዓመት ከነሐሴ 12 በኋላ 28ኛው ቀን መስከረም 5 ነው። ነርሷ የምታስተምረው ቀላል ዘዴ አለ፤ ቀኑን ትቶ ዕለቱን መያዝ። 28 ቀን ልክ አራት ሳምንት ስለሆነ ሰኞ የተጀመረ ፓኬት ምንጊዜም ሰኞ ይጀመራል፣ ቡናማዎቹም ምንጊዜም ሰኞ ይገባሉ፣ ደሙም ከመጣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ አካባቢ ነው። ቡናማዎቹ እሁድ ሲያልቁ ደም መጣም አልመጣም፣ ገና እየፈሰሰም ቢሆን፣ ሰኞ አዲሱ ይጀመራል። ባለ 21 ፍሬውን የምትወስድ ሴት ደግሞ ሰባት ቀን ብቻ አርፋ በስምንተኛው ቀን ትጀምራለች። ሁለቱን ዓይነት ማቀላቀል፣ ማለትም ቡናማዎቹን ጨርሶ ሌላ ሰባት ቀን ማረፍ፣ የብዙ ያልታቀደ እርግዝና ምንጭ ነው።

በክፍሉ ውስጥ ከዚያ በኋላ የገባችው የአራት ወር ሕፃን ያዘለች ነበረች። የምትወስደው ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠውን፣ አንድ ሆርሞን ብቻ ያለበትን ኪኒን ነው፤ ጥምር ኪኒን ለምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር አይመከርም። እሷም «አላየሁም» አለች። ማጥባቱና ኪኒኑ ተደምረው ደም ቢጠፋ የሚጠበቅ ነው። ይህኛው ኪኒን ግን ቡናማ የለውም፤ እያንዳንዷ ፍሬ ትሠራለች፣ ሰዓትም ይፈልጋል። የሦስት ወሩን መርፌ የሚወስዱ ሴቶችም ዓመት ሲሞላቸው ግማሽ ያህሉ ደም ማየት ያቆማሉ። ያ መርፌው መሥራቱ ነው።

ሁለት መስመር

መቼ ነው ታዲያ መመርመር? ኪኒኗን ሁሉ በትክክል ወስዳ አንድ ጊዜ ብቻ የቀረባት ሴት አዲሱን ፓኬት በቀኑ ትጀምር፤ ካልተረጋጋች ትመርመር። በተከታታይ ሁለት ጊዜ ከቀረባት መመርመር አለባት። የረሳችው ኪኒን ካለ፣ ካስመለሳት፣ ወይም ከላይ ከጠራናቸው መድኃኒቶች አንዱን ከወሰደች ደግሞ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደቀረ ትመርመር። እየተመረመረችም ኪኒኑን አታቁም።

መመርመሪያዋ ቀጭን ወረቀት ናት፤ በየመድኃኒት ቤቱ በርካሽ ትገኛለች። የምትፈልገው ኤች.ሲ.ጂ. የተባለውን፣ ጽንሱ ማህፀን ላይ ከተጣበቀ በኋላ የሚመነጨውን ሆርሞን ነው። ኪኒኑ ውስጥ ይህ ሆርሞን ስለሌለ ውጤቱን አያዛባም። ጥሩው የጠዋት የመጀመሪያው ሽንት ነው፤ ብዙ ውኃ ጠጥቶ የተሸና ሽንት ቀጭን ስለሆነ ያሳስታል። ወረቀቷን ከተሳለው መስመር በላይ አለመንከር፣ ማሸጊያው ላይ በተጻፈው ደቂቃ ማንበብ፣ ከዚያ መጣል። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ከቆሻሻ ቅርጫት አውጥቶ እንደገና ማየት ለጭንቀት ብቻ ነው የሚጠቅመው፤ የደረቀ ወረቀት የሌለ መስመር ሊያሳይ ይችላል። በጊዜው ሲነበብ ግን ሁለተኛዋ መስመር ደብዛዛም ብትሆን እርግዝና ናት። አንድ መስመር ብቻ ከሆነና ጥርጣሬው ካለ ከሳምንት በኋላ ይደገማል። ካለ መከላከያ ግንኙነት በኋላ እርግጠኛ መልስ የሚገኘው በ21ኛው ቀን ነው። መገናኛ ያገኘናት ልጅ በዚያው ማታ ብትመረመር ስለ ቅዳሜ ምንም አይነግራትም ነበር። ስለዚህ ነው ፋርማሲስቷ ፖስትፒሉን በ72 ሰዓት ውስጥ እንድትውጠው፣ ኪኒኑን በዚያው ቀን እንድትጀምር፣ ሰባት ቀን ኮንዶም እንድትጨምርና ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና እንድትመረመር የነገረቻት።

ሁለት መስመር ሲታይ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ሳላውቅ የዋጥኩት ኪኒን ልጁን ጎድቶት ይሆን? መልሱ አልጎዳውም ነው። በዴንማርክ ከ1997 እስከ 2011 (እ.ኤ.አ.) የተወለዱ 880,694 ሕፃናትን መዝገብ የመረመረ ጥናት በ2016 ታትሟል። እናቶቻቸው በእርግዝና መጀመሪያ ኪኒን ይወስዱ የነበሩት ሕፃናት ላይ የታየው የአፈጣጠር ጉድለት መጠን ኪኒን ጨርሶ ካልወሰዱት እናቶች ልጆች የተለየ አልነበረም። ኪኒኑም ሆነ ፖስትፒል የተጀመረ እርግዝናን አያቋርጡም። እርግዝናው ከተረጋገጠ ኪኒኑን ማቆምና ጤና ጣቢያ መሄድ ነው።

አንድ ነገር ግን አይጠበቅም። መመርመሪያው ሁለት መስመር አሳይቶም ሆነ ገና ሳይመረመሩ በአንድ ጎን በኩል እምብርት ሥር ከባድ ሕመም፣ ማዞር ወይም ራስን መሳት፣ ትከሻ ላይ የሚሰማ ሕመም ካለ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ከማህፀን ውጪ የተጣበቀ እርግዝና ሊሆን ይችላል፤ ሲፈነዳ ሕይወት ይቀጥፋል።

ማርገዟን ያልፈለገችው ሴትስ? ይህን ርዕስ ሸፍኖ ማለፍ ልማዳችን ቢሆንም ሕጉ ተጽፏል። በ1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 551 እርግዝና በጤና ተቋም ሊቋረጥ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ዘርዝሯል፤ መደፈር፣ የዘመድ ግንኙነት፣ የእናቲቱ ሕይወት ወይም ጤና አደጋ ላይ መውደቅ፣ የጽንሱ የማይድን ከባድ ጉድለት፣ እንዲሁም ልጅ ለማሳደግ በአካል ወይም በአእምሮ ያልበቃች ወይም ለአካለ መጠን ያልደረሰች መሆን። ከዚህ ውጪ ስውር ቦታ የሚሰጥ «መፍትሔ» ስንት እህት እንደበላ ሁላችንም እናውቃለን።

በቁጥሩ ውስጥ የሌለችው

በ2019 (እ.ኤ.አ.) በተደረገው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በኢትዮጵያ ካገቡ ሴቶች 41 በመቶው ዘመናዊ መከላከያ ይጠቀማሉ። 27 በመቶው መርፌ፣ 9 በመቶው በክንድ የሚቀበረውን፣ 2 በመቶው ብቻ ኪኒን። መርፌው ለምን እንደበለጠ ለመረዳት ተመራማሪ መሆን አያስፈልግም፤ በዓመት አራት ጊዜ ብቻ ነው፣ ቦርሳ ውስጥ አይገኝም፣ ማንም አያየውም። ቁጥሩ ግን ያገቡትን ብቻ ነው የሚቆጥረው። ሰኞ ማታ የጥርስ ሳሙና ስታይ የቆየችው ልጅ በ2 በመቶው ውስጥ የለችም።

እሷን የሚያገኛት ሰው ደግሞ ሐኪም አይደለም። ገጠር ላይ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ለቤት ትሄዳለች፤ ከተማ ውስጥ ግን ያላገባች ወጣት ከጤና ጣቢያ ወረፋ ይልቅ መድኃኒት ቤት ትመርጣለች፣ የሰፈር ሰው እንዳያያት። ኪኒኑን የምትገዛው በሠላሳ ሰከንድ ነው። ዋጋ ትጠይቃለች፣ ትከፍላለች፣ ትወጣለች። ውስጡ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛና በደቃቅ ፊደል ነው፤ ብዙዎቹ ሳይዘረጉት ይጥሉታል። አወሳሰዱን የተማረችው ከጓደኛዋ ነው፤ ጓደኛዋ ደግሞ ባለ 21ዱን ትወስድ ይሆናል።

ባለመድኃኒት ቤቶች ሆይ፣ ያቺን ሠላሳ ሰከንድ አንድ ደቂቃ አድርጓት። ፓኬቱን አዙራችሁ የትኛዋ ፍሬ መጀመሪያ እንደምትዋጥ በጣታችሁ አሳዩ። ቡናማዎቹ ሲያልቁ በማግስቱ አዲሱ እንደሚጀመር፣ ደም ባይመጣም ኪኒኑ እንደማይቆም ንገሯት። የቲቢ ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ትወስድ እንደሆነም ጠይቁ። ሰው ካለ ዝቅ ባለ ድምፅ ይሁን።